መጨበጥና መልቀቅ

የምሠራው በባንክ ነው። በውጭ ንግድ ክፍል ተቀምጬ ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ሊያስመጡ ያሰቡትን ዕቃ ዝርዝር አነባለሁ፤ ዋጋውን ከፕሮፎርማው፣ ፕሮፎርማውን ከማመልከቻው፣ ማመልከቻውን ከፈቃዱ ጋር አስተያያለሁ። ጎማ፣ የሕፃናት ወተት፣ የብረት ዘንግ፣ የስፌት መርፌ፣ የወረቀት ጥቅል። ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱ ሥራዎቼ እርስ በርሳቸው ብዙም አይተዋወቁም፤ አንድ ቀን ግን አንድ ወረቀት አገናኛቸው።

ወረቀቱ ከአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የመጣ ነበር። በዕቃው መግለጫ ዓምድ ላይ የሰፈረው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ በዘረመል ቅንብር የተሠራ የሰው ጡንቻ የካልሲየም ፓምፕ ፕሮቲን፤ መጠኑ 10 ማይክሮግራም፤ ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ። እኔ ፓምፕ የሚለውን ቃል ስለማውቀው የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩን ከውሃ መሳቢያ ሞተሮች መካከል ስፈልግ እንደቆየሁ ሳልደብቅ ልናገር። 10 ማይክሮግራም የአንድ ግራም መቶ ሺህኛ እጅ ነው። የእኛ ቅጽ ክብደትን በኪሎግራም ስለሚጠይቅ ከነጥቡ በኋላ ሰባት ዜሮ ደርድሬ አንድ ጻፍሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

ማመልከቻውን ይዛ የመጣችው ወጣት ተመራማሪ ግራ መጋባቴን አይታ ፈገግ አለች። «ይህ ፓምፕ ውሃ አይስብም» አለችኝ፤ «በጡንቻ ህዋስ ውስጥ የተበተነውን ካልሲየም ለቅሞ ወደ ጎተራው የሚመልስ ፕሮቲን ነው። እጅዎን ሲጨብጡ ሳይሆን ሲለቁ ነው የሚሠራው።» ማኅተሜን መትቼ ወረቀቷን መለስሁላት። «ሲለቁ ነው የሚሠራው» ያለችው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ምክንያት ነበረኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜውን በመቀስና በመርፌ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ወደ መጨረሻው ላይ የቀኝ እጁ ጣቶች ባዶ ሆነውም እንኳ ጨርቅ የያዙ ይመስሉ ነበር። ያረፈ ዕለት ንጋት ላይ አጠገቡ ነበርሁ። ትንፋሹ ሲቆም እጁ የጋቢውን ጫፍ እንደጨበጠ ነበር። የሰፈራችን ሰው እሪታውን ሰምቶ ሲሰበሰብ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የሚያለቅሰውን ሁሉ ወደ ውጭ መልሰው ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «ልቅሶው ይደርሳል» አሉ፤ «ሳይደርቅ ቶሎ በሉ!» ዓይኑን ከደኑ። አገጩን ከነጠላ በቀደዱት ጨርቅ ደግፈው አሰሩ። እግሩን አቃንተው ሁለቱን አውራ ጣቶች በክር አጣመሩ። በመጨረሻ ወደ እጁ መጡ። ጣቶቹን በኃይል አልመነጨቁም፤ ከትንሿ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚፈታ ፈቷቸው። ጋቢውንም አጥፈው ወደ ጎን አኖሩት።

አማርኛችን ስለ ሞተ ሰው «አረፈ» ይላል። ለተጨናነቀ ወዳጃችን ደግሞ «ፈታ በል» እንላለን፤ ዕረፍትን የተቋጠረ ነገር እንደመፈታት አድርገን እናየዋለን ማለት ነው። ንፉጉን «ቋጣሪ» ስንለውም ያው ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ መጨበጥ ጉልበት፣ መልቀቅ ደግሞ የጉልበት ማለቅ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ጉልበቱ ያለቀው አባቴ ለምን ይደርቃል? እኚያ እናት ለምን ተቻኮሉ? ከቀብሩ በኋላ ይህን ጥያቄ ማንንም አልጠየቅሁም፤ የሐዘን ቤት ጥያቄ አይደለማ። ያች ወጣት ሳታውቀው የመለሰችልኝ ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት አነበብሁ። የተማርሁት ማኔጅመንት ነውና የባዮሎጂ መጽሐፍ ፊት ለፊቴ ዘርግቼ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተንተባተብሁ ነው የገፋሁት። ያገኘሁትን ታሪክ ግን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልሁ፣ አንባቢ ሆይ፣ እነሆ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በለንደን በቧንቧ ውሃ ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም ከደም ውስጥ ካሉት ጨዎች ልብን የሚያስመታው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የእንቁራሪት ልብ እያወጣ በጨው ውሃ ውስጥ ያኖር ነበር። በ1882 ውጤቱን አሳተመ። በቀላል የጨው ውሃ ውስጥ ልቡ ደኅና አድርጎ መምታቱን ጻፈ። በዓመቱ፣ በ1883፣ ሌላ ጽሑፍ አወጣ፤ ያም የቀደመውን የሚያርም ነው። የጨው ውሃው የተበጠበጠው እሱ እንዳሰበው በእንፋሎት በተጣራ ውሃ ሳይሆን የኒው ሪቨር ውሃ ኩባንያ በሚያቀርበው የቧንቧ ውሃ ኖሯል። በተጣራው ውሃ ሲደግመው ልቡ ደክሞ ቆመ። ጥቂት የካልሲየም ጨው ጠብ ሲያደርግበት እንደገና መታ።

ኒው ሪቨር፣ ማለትም «አዲስ ወንዝ»፣ ስሙ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም። ከለንደን በስተሰሜን ካሉ ምንጮች ውሃ እንዲያመጣ ተቆፍሮ በ1613 የተከፈተ ሰው ሠራሽ ቦይ ነው። ምንጮቹ ከኖራማ ድንጋይ የሚፈልቁ በመሆናቸው ውሃው ካልሲየም አያጣም። በሼክስፒር ዕድሜ የተቆፈረ ቦይ ከ270 ዓመት በኋላ አንድ የእንቁራሪት ልብ አንቀሳቀሰ ማለት ነው። ለእኔ ግን ከቦዩም ይልቅ የሚደንቀኝ ሪንገር ስህተቱን በአደባባይ መጻፉ ነው። በባንክ ቤት ሒሳብ አልገጥም ሲል ማምሻውን መብራት አብርተን የጎደለችውን ሳንቲም የምንፈልግ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ አንዳንድ ጊዜ ሳንቲሟ ከጠቅላላው ሒሳብ የበለጠ ነገር ትናገራለች። እሱ የተሳሳተውን መዝገብ በዝምታ ቢሰርዘው ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

አባቴ በመጨረሻው ሳምንት በክንዱ ይገባለት የነበረው ፈሳሽ ከረጢት ላይ «ሪንገር» የሚል ተጽፎ ነበር። የሰው ስም መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

ከሪንገር በኋላ ካልሲየም ለጡንቻ እንደሚያስፈልግ ታወቀ፤ ምን እንደሚሠራ ግን ገና ነበር። በ1947 ሉዊስ ሃይልብሩንና ባልደረባው ዊየርሲንስኪ በአሜሪካ የተለያዩ ጨዎችን ወደ እንቁራሪት የጡንቻ ክር ውስጥ እያስገቡ ሞከሩ፤ በህዋስ ውስጥ ከሚገኙት ተራ ጨዎች መካከል ክሩን ያኮማተረው ካልሲየም ብቻ ሆነ። ይህን የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። ካልሲየም ጡንቻን የሚያስጨብጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ለመልቀቅ ካልሲየሙን ማን ይወስደዋል?

የዚህ መልስ ጫፍ የተገኘው ከሥጋ ነው፤ ቃል በቃል ከሥጋ። ከእንግሊዝ ምግብ አቀዝቅዞ ማቆየትን ከሚያጠናው የካምብሪጅ ተቋም፣ ብሩስ ማርሽ የተባለ ኒውዚላንዳዊ በ1951 አንድ ነገር አስተዋለ። ኤቲፒ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት «የህዋስ ገንዘብ» ይሉታል፤ ህዋስ ማናቸውንም ሥራ የሚያሠራው እሱን እየመነዘረ ነው። የታጠበ የጡንቻ ክር ላይ ኤቲፒ ሲጨመር ክሩ ይኮማተራል። ማርሽ ግን ገና ያልታጠበ ትኩስ የጡንቻ ድቅቅ ላይ ሲጨምር ክሩ ተላላ። በድቅቁ ውስጥ አንድ የሚያላላ ነገር ነበር። ካልሲየም ሲጨመርበት ደግሞ የዚያ ነገር ኃይል ይጠፋል። «የማርሽ ፋክተር» አሉት። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ቀስ ብዬ ልተርከው፤ እኔን የያዘኝ ክፍል ይህ ነውና። ኦቶ ማየርሆፍ የጡንቻን ኬሚስትሪ መርምሮ የ1922ን የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነበር። ከ1929 ጀምሮ በሃይደልበርግ ከተማ የካይዘር ቪልሄልም የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ የራሱን ክፍል ይመራ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ እስከቻለ ቆይቶ በ1938 ከአገሩ ሸሸ፤ መጀመሪያ ፓሪስ፣ ከዚያም ፈረንሳይ ስትወድቅ በ1940 ወደ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ። እዚያ በ1948 ከዌይን ኪሊ ጋር ሆኖ በጡንቻ ውስጥ ባሉ ደቃቅ እንክብሎች ላይ ኤቲፒን የሚመነዝር አንድ ኢንዛይም አገኘ። ለምን እንደሚመነዝረው፣ ክፍያው የምን ዋጋ እንደሆነ አላወቁም። በባንክ ቋንቋ ወጪው ተመዝግቧል፤ የተገዛው ዕቃ ግን አልታወቀም። ማየርሆፍ በ1951 ሞተ፤ ማርሽ ያን የሚያላላ ነገር ባስተዋለበት በዚያው ዓመት።

ሁለቱን ያገናኘው ከቶኪዮ የመጣ ሰው ነው። ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቹ በ1955 የማርሽ ፋክተር ማለት እነዚያው የማየርሆፍ እንክብሎች መሆናቸውን አሳዩ። ኤባሺ ከዚያ አልፎ፣ እንክብሎቹ ጡንቻን የሚያላሉት ካልሲየሙን ከዙሪያው ስበው ወደ ውስጣቸው በማስገባት ነው አለ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። በዘመኑ የሚታመነው፣ እንክብሎቹ አንድ የሚሟሟ አላልቺ ነገር እያመነጩ ይለቃሉ የሚል ነበርና ካልሲየምን የመሰለ ተራ ጨው ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራል ማለት ለብዙ ባለሙያ ያሳፍር ነበር። ኤባሺ በ1959 ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ሄዶ በፍሪትዝ ሊፕማን ላቦራቶሪ ሠራ። ሊፕማን ማን ነው? በወጣትነቱ የማየርሆፍ ተማሪ የነበረ፣ እሱም ከጀርመን የወጣ አይሁዳዊ። የሁለቱ ጥናት በ1962 ታተመ፤ ከጥንቸል ጡንቻ የወጡት እንክብሎች ኤቲፒ ሲሰጣቸው ካልሲየም ያከማቻሉ።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1961 ቪልሄልም ሃሰልባኽና ጃፓናዊው ማዶካ ማኪኖሴ ያንኑ ደርሰውበት በጽሑፋቸው ርዕስ ላይ «የካልሲየም ፓምፕ» የሚለውን ስም አስፍረው ነበር። ካልሲየሙ በእንክብሎቹ ውስጥ ሞልቶ ሥራው እንዳይቆምባቸው ኦክሳሌት ጨምረው ከገባ በኋላ እንደ ጠጠር እንዲረጋ አደረጉት፤ ገበሬ ጎተራ ሲሞላበት ጤፉን ረግጦ ቦታ እንደሚያበጅ ያለ ዘዴ ነው። ከዚያ ሒሳቡን ሠሩ። ለአንድ ኤቲፒ ሁለት ካልሲየም። የማየርሆፍ ወጪ የምን ዋጋ እንደነበር ታወቀ። ይህ የተሠራው የት ነው? በሃይደልበርግ፤ ከጦርነቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ ማክስ ፕላንክ በተባለው፣ ማየርሆፍ ጥሎት በሸሸው በዚያው ተቋም ውስጥ።

ይህን ባነበብሁ ማታ ግጥም ልጽፍበት ተቀምጬ ነበር። «ካልሲየም» ለሚለው ቃል ቤት የሚመታ አጥቼ ተውሁት።

ጎተራው ራሱ ቀድሞ ታይቷል። ጣሊያናዊው ኤሚሊዮ ቬራቲ በ1902 በፓቪያ ከተማ በተራ ማይክሮስኮፕ ያየውን፣ የጡንቻን ክሮች እንደ መረብ የሚያቅፍ ስስ አውታር በእጁ ሥሎ ነበር። ያመነው ስላልነበረ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ1950ዎቹ እስኪያረጋግጥለት ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተረሳ። እነ ማየርሆፍ እንክብል ያሉት ይህ መረብ ሲደቅ የሚቆራረጠው ብጣቂ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከነርቭ ትእዛዝ ሲመጣ የመረቡ በሮች ይከፈታሉ፤ የታጨቀው ካልሲየም ወደ ክሮቹ ይፈስሳል፤ ክሮቹ ትሮፖኒን በተባለው ፕሮቲን በኩል (እሱንም ያገኘው ኤባሺ ነው) ምልክቱን ተቀብለው እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ እጅ ይጨበጣል። መፍሰሱ ቁልቁለት ነውና ዋጋ የለውም። መልቀቅ ግን ዳገት ነው። በመረቡ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም በውጭ ካለው እስከ አሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣልና ፓምፑ እያንዳንዷን ጥንድ የሚመልሳት ከጥቂት ወደ ብዙ፣ ከባዶ ቤት ወደ ሞላ ጎተራ ነው፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ኤቲፒ ይከፍላል። ሰው ሲሞት የኤቲፒ ምንጭ ይደርቃል። ፓምፑ የሚከፍለው ያጣል፤ ካልሲየሙ እየሾለከ ይወጣል፤ ክሮቹ ይያያዛሉ። በዚህ ላይ፣ የተያያዙት ክሮች ለመላቀቅ ራሳቸው ኤቲፒ ይፈልጋሉ፤ እሱም የለም። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አገጭና ጣት ይጠነክራል፤ ከዚያ መላው አካል። በኋላ የሚላላውም ስላረፈ ሳይሆን መፍረስ ስለጀመረ ነው። እኚያ እናት የተሽቀዳደሙት በአባቴ ጣቶች ውስጥ ከቀረችው የመጨረሻዋ ኤቲፒ ጋር ነበር።

ስለዚህ ፓምፕ አብዛኛውን ያስተማረችን ጥንቸል ናት። በቶሮንቶ የሠራው ዴቪድ ማክሌናን በ1970 ፓምፑን ከጥንቸል ጡንቻ ለይቶ አጣራው። በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ዘረመሉን አንብቦ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል አወጣ፤ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ሰንሰለት ነው፤ የመረቡን ሽፋን አሥር ጊዜ እየበሳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በ1988 ማሩያማና ማክሌናን ይህን ዘረመል በባዕድ ህዋስ ውስጥ አስገብተው ህዋሱ ፓምፑን እንዲሠራ አደረጉት። ከዚያ አሚኖ አሲዶቹን አንድ በአንድ እየቀያየሩ የትኛው ሲነካ ፓምፑ እንደሚቆም፣ ካልሲየም የሚቀመጠው የት እንደሆነ ማወቅ ቻሉ። ባዕዱ ህዋስ ከጦጣ ኩላሊት የመጣ ነው፤ ያች ጦጣ በሳይንሳዊ ስሟ «ኤቲዮፕስ» ስትባል የኖረች መሆኗን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ የአገራችን ስም ከወጣበት ያው የግሪክ ቃል ነው። በ2000 ደግሞ ቺካሺ ቶዮሺማ በቶኪዮ ፓምፑን በክሪስታል አርግቶ መልኩን አሳየ፤ በ2002 ካልሲየሙን ከለቀቀ በኋላ ያለውን ቅርጽ ጨመረ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ራሱ ተለያይቶ የነበረ ነገር አንገቱን ሰብስቦ እንደታጠፈ ያያል። ይህም ክሪስታል ከጥንቸል ነበር።

ታዲያ በእኛ ፕሮፎርማ ላይ ያለው «የሰው» የሚለው ቃል ምንድን ነው? ወጣቷ ሰነዷን ልትወስድ ስትመጣ ጠየቅኋት። ከማንም ሰው ሥጋ የተቆረጠ ነገር የለበትም። የሰው የሆነው ጽሑፉ ነው፤ በ16ኛው ክሮሞሶማችን ላይ ያለው ትእዛዝ። በብልቃጧ ያለውን ፕሮቲን ያንን ትእዛዝ አንብቦ የሠራው ከስንዴ ፍሬ እምብርት የተጨመቀ ፈሳሽ ነው። ፕሮቲኑን ከሌላው ሁሉ ለይቶ ለመልቀም ደግሞ ጫፉ ላይ ጂኤስቲ የሚባል እጀታ ተሰፍቶለታል፤ እጀታው የመጣው ከቢልሃርዚያ ትል ነው። አላመንኋትም፤ ቤቴ ገብቼ አነበብሁ፤ እውነት ነው። በ1988 በአውስትራሊያ ስሚዝና ጆንሰን ያወጡት ዘዴ ሲሆን፣ ትሉ በምሥራቅ እስያ የሚገኘው የቢልሃርዚያ ዓይነት ነው። የእኛው አገር ቢልሃርዚያ የዚያ ዘመድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ በእንዶድ አማካይነት በሽታውን ለመከላከል ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው፤ በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብሏል። እሱ ሊያጠፋው የደከመው ትል ዘመድ እጀታ ሆኖ የሰውን ፓምፕ ይዞ ይዞራል። የአንዱ ቁራጭ ጨርቅ በሌላው ልብስ ላይ መግባቱ የልብስ ሰፊን ልጅ ሊደንቀው አይገባም ነበር፤ ግን ደነቀኝ።

«እና ይህ ፓምፕ ካልሲየም ይመልሳል?» አልኋት።

«የለም» አለች። «ሽፋኑን ካጣ ቅርጹን አይዝም። እኔ የምፈልገው ፀረ እንግዳ አካሌ እውነተኛውን ፕሮቲን ለይቶ ማወቁን ለመፈተን ነው። መልኩ እንጂ ሥራው አይጠቅመኝም።»

ለምን እንደምትለፋበት አልጠየቅኋትም፤ ንባቤ ግን ወደ አንድ በሽታ አደረሰኝ። በ1969 ኧርዊን ብሮዲ የተባለ ሐኪም ሲሠራ ጡንቻው የሚቆልፍበትን አንድ ሰው ጉዳይ ጽፎ አወጣ። እንዲህ ያለ ሰው መጨበጥ ይችላል፤ እጁን ደጋግሞ ከጨበጠ በኋላ ግን መፍታት ያቅተዋል፤ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ይገተራል። ጥቂት ካረፈ ይለቀዋል። ብሮዲ የሚያላላው ነገር መጉደሉን ጠረጠረ። በ1996 የማክሌናን ቡድን በአንዳንድ እንዲህ ባሉ ቤተሰቦች ውስጥ የዚህ ፓምፕ ዘረመል ከእናትም ከአባትም ወገን ተበላሽቶ አገኘው። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ከብሮዲ በፊት የነበሩት ሕሙማን «ሰነፍ» እየተባሉ ኖረው ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ልብ የራሱ ፓምፕ አለው፤ የዚህ እህት ነው። ልብም እንደ እጅ ነው፤ በየምቱ መሐል ካልለቀቀ ደም አይሞላም። በደከመ ልብ ውስጥ ይህ ፓምፕ ያንሳል። ስለዚህ ዘረመሉን በቫይረስ አሳፍሮ ወደ ልብ የደም ሥር የመላክ ሕክምና ተሞከረ። መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሰዎች ተስፋ ሰጠ፤ በ250 ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2016 የታተመው ሁለተኛው ሙከራ ግን ምንም ጥቅም አላሳየም። ብዙ ሰው ብዙ ዓመት የደከመበት ነገር ነበር። ውጤቱን እንደ ሪንገር በግልጽ አሳትመውታል።

ብልቃጧ በደረቅ በረዶ ተሞልቶ በመጣ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ገባች አሉኝ። እኔ አላየኋትም፤ የእኔ ድርሻ ክፍያው ነበር፤ ተከፈለ፤ ፋይሉ ተዘጋ።

የአባቴ ሙት ዓመት በተዘከረ ዕለት እኚያን እናት አጠገባቸው ተቀምጬ አጫወትኋቸው። ስለ እንቁራሪቷ ልብ፣ ስለ ጥንቸሏ፣ ከአገሩ ስለተሰደደው ሰው በተቻለኝ መጠን ነገርኋቸው። ጠላቸውን እየተጎነጩ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እማማ፣ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደቀረን በምን አወቁ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ አንድ ዓይነት አይደለም» አሉ። «ትኩሳት ይዞት የሞተ ቶሎ ይደርቃል። ሲሮጥ፣ ሲታገል የሞተም እንደዚያው፤ ውሃ እንኳ አታሞቅለትም። በብርድ አገር ይቆያል፤ በቆላ አይቆይም። አባትህ ግን ቀስ ብሎ ነው የሄደ።» ጽዋቸውን አስቀምጠው የራሳቸውን እጅ ዘርግተው አዩ። «ለእጁ ጊዜ ሰጥቶን ነበር።»